የበቆሎ ፍሬ መከላከያና የፈንገስ ኢንዛይሞች

ፊውዛሪየም ቨርቲሲሊዮይድስ የሚባለው ፈንገስ የበቆሎ ዛላ ከማበስበሱም ሌላ ፉሞኒሲን የተባለ መርዝ በፍሬው ውስጥ ይተዋል። ከልማት ሠራተኞች ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ፣ ፍሬው ራሱን የሚከላከልበት ነገር የለውም ወይ የሚል ነው። አለው።

በበቆሎ ፍሬ ውስጥ ካይቲኔዝ የተባለ ኢንዛይም ይገኛል። የፈንገስ ሕዋስ ግድግዳ ካይቲን የሚባል ጠንካራ ነገር ስላለበት፣ ካይቲኔዝ ይህንኑ ይቆራርጣል። ኢንዛይሙ ሁለት ክፍል አለው፤ ትንሹ ካይቲኑን ይይዛል፣ ትልቁ ይቆርጣል። አጫጅ በግራ እጁ አገዳውን ጨብጦ በቀኙ እንደሚያጭድ ማለት ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ግላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ የበዛበት ቀጭን ማያያዣ ነው።

ፈንገሱም በበኩሉ ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ያመነጫል። እነዚህ ግን ያገኙትን ፕሮቲን ሁሉ አይፈጩም፤ ቦታ ይመርጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት እንደታወቀው፣ የፊውዛሪየሙ ፈንጋላይሲን ካይቲኔዙን የሚቆርጠው በትንሹ ክፍል ውስጥ፣ ግላይሲንና ሲስታይን በተያያዙበት ላይ ነው። በ2014 ደግሞ ባይፖላሪስ ዚኮላ የተባለው ሌላ የበቆሎ ፈንገስ ማያያዣውን፣ ግላይሲን ከግላይሲን በተጋጠመበት እንደሚበጥስ ተገለጠ። በሁለቱም መንገድ ጨባጩ እጅ ከአጫጁ ይለያል።

ቦታውን በምን ያውቁታል? ኢንዛይም ዒላማው የሚገባበት ጎድጓዳ ቦታ አለው፤ የሚገጥምለትን ብቻ ይቆርጣል። ግላይሲን ግን ከአሚኖ አሲዶች ሁሉ ትንሹ ነው፤ በየፕሮቲኑም ሞልቷል። ስለዚህ ብቻውን ምልክት ሊሆን አይችልም፤ በዙሪያው ያለው የፕሮቲኑ ቅርጽም አብሮ ይታያል ብለን እናምናለን።

ለዝርያ ማሻሻል ሥራ ተስፋ የሚሰጠው ይኸው ነው። በ2010 በወጣ ጥናት፣ ስቴኖካርፔላ ሜይዲስ የተባለው ዛላ አበስብስ ፈንገስ የሚያወጣው ፕሮቲን አንዱን የካይቲኔዝ ዓይነት ሲለውጥ፣ ከሌላ የበቆሎ መስመር የተገኘውን ዓይነት በዚያው መጠን አልነካውም። በፕሮቲኑ ላይ ያለ ጥቂት ልዩነት ዒላማውን ያሳስታል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ ለገበሬው «የማይበሰብስ ዘር» ብሎ ቃል መግባት አይገባም።

በማሳ ላይ ግን የሚሠራ አለ። አገዳ ቆርቁር የበሳው ዛላ ለፈንገሱ በር ስለሚሆን ተባዩን መከላከል፤ የሻገተውን ዛላ በአጨዳ ጊዜ መለየት፤ ፍሬውን ከጎተራ በፊት በደንብ ማድረቅ ያስፈልጋል። የተለየውን የሻገተ በቆሎ በተለይ ለፈረስ፣ ለበቅሎና ለአህያ አትስጡ፤ ፉሞኒሲን አንጎላቸውን አበላሽቶ ይገድላቸዋል።