ነህምያ በሌሊት ለምን ወጣ? (ነህምያ 2፥11-16)

መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ወደ ነህምያ ምዕራፍ 2 ክፈቱልኝ። ያገኘ አሜን ይበል። ዛሬ በተለይ የምናገረው በሥራ ቦታ ሰው ለምትመሩ ነው። ማናጀርና ዳይሬክተር የሆናችሁ አላችሁ፤ በሆስፒታል የሌሊት ተረኞችን የምታስተባብሩ አላችሁ፤ አዳልት ፋሚሊ ሆም ከፍታችሁ ሠራተኛ የምታስተዳድሩ አላችሁ። “እኔ የማንም አለቃ አይደለሁም” የምትሉም ጆሯችሁን ስጡኝ፤ እግዚአብሔር ነገ ምን እንደሚሰጣችሁ አይታወቅም።

ነህምያ እንደ እኛው በሰው አገር የሚኖር ሰው ነበር። በሱሳ የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ ነው። የንጉሡን ደብዳቤና ፈረሰኞች ይዞ ኢየሩሳሌም ገባ። እኛ ብንሆን በማግስቱ ስብሰባ እንጠራ ነበር። እርሱ ሦስት ቀን ቆየ፤ ከዚያ በሌሊት ተነሥቶ ጥቂት ሰዎች አስከትሎ ቅጥሩን ዞረ። ሹማምቱ የት እንደሄደ እንኳ አላወቁም። ቁጥር 14ን ልብ በሉ፤ አንድ ቦታ ላይ የተቀመጠበት እንስሳ ማለፊያ አጣ። ይህን በሪፖርት አታገኙትም፤ ሄዶ ማየት ይፈልጋል።

ለምን በሌሊት? ጠላት እንዳይሰማ ነው የሚሉ አሉ፤ ትክክል ነው። እኔ ሌላም ይታየኛል። ቀን ቢሄድ ያስጎበኙት ነበር። ኃላፊ ሲመጣ ግቢ ይጠረጋል፤ የተሰበረው ይሸፈናል። ነህምያ ማየት የፈለገው ያልተሸፈነውን ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ። እዚሁ ሬንተን ውስጥ ቦይንግ 737 ይገጣጠማል። ኩባንያው በ2001 ዋና መሥሪያ ቤቱን ከሲያትል ወደ ቺካጎ አዛወረ፤ ፋብሪካው እዚህ ቀረ፣ አለቆቹ ራቁ። ጁን 2018 ላይ ኤድ ፒርሰን የተባለ የሬንተን ፋብሪካ ማናጀር ለፕሮግራሙ ኃላፊ ኢሜይል ጻፈ፦ ሠራተኛው ደክሟል፣ የሥራው ቅደም ተከተል ተዛብቷል፣ መስመሩን ለጊዜው እናቁመው ብሎ። መስመሩ አልቆመም። ይህን በዲሴምበር 2019 በኮንግረስ ፊት መስክሯል።

ፍትሐዊ ልሁን፤ ለሁለቱ የማክስ አደጋዎች በዋናነት የተጠቀሰው ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር እንጂ የፋብሪካው ድካም አይደለም። ግን ኤምካስም የዚያው ታሪክ ሌላ ገጽ ነው። በአንድ ሴንሰር መረጃ ብቻ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋ ሥርዓት ነበር፤ መኖሩ ለአብራሪዎች አልተነገረም። በኦክቶበር 2018 በኢንዶኔዥያ 189 ሰው ሞተ። ማርች 10 ቀን 2019፣ በእኛ መጋቢት 1 ቀን 2011፣ ኢቲ 302 ከቦሌ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ፤ 157 ሰው። እዚህ ገና ቅዳሜ ማታ ነበር። በመካከላችን በዚያ በረራ ወዳጅ ዘመድ ያጣ ሊኖር ስለሚችል እንደ ተራ ምሳሌ ልናገረው አልፈልግም።

በዚያ ቀን የወጣውን ፎቶ ታስታውሳላችሁ። የአየር መንገዱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ አቶ ተወልደ ገብረማርያም በሙሉ ልብስ ተቆፍሮ በቀረው አፈር ውስጥ ስብርባሪ ይዘው ቆመው ነበር። በ1980ዎቹ ከታች ከካርጎ ጀምረው የወጡ ሰው ናቸው። አየር መንገዱ የቀሩትን የማክስ አውሮፕላኖች ወዲያው ከበረራ አቆመ፤ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ኤፍኤኤ ያገደው ማርች 13 ነው። አየር መንገዳችን እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። መሪው ግን ቦታው ላይ ተገኝቷል። ቦይንግም በ2024 የመጣው አዲሱ አለቃ ኬሊ ኦርትበርግ መቀመጫዬ ሲያትል ይሆናል አለ። ነህምያን አንብቦ ይሆን? (ሳቅ)

ወደ እኛ ስንመጣ ችግሩ ይብሳል። “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” እየተባልን ነው ያደግነው። ሠራተኛችሁን “እንዴት ነው?” ስትሉት “ሁሉ ሰላም፣ እግዚአብሔር ይመስገን” ይላችኋል። ማመስገኑ መልካም ነው፤ ግን አንዲት አረጋዊት መድኃኒታቸውን ሳይወስዱ አድረው ከሆነ “እግዚአብሔር ይመስገን” ሪፖርት አይደለም። ጥያቄውን ቀይሩት። “ዛሬ ያልተሠራው የቱ ነው? ምን አስቸገራችሁ?” በሉ። ስህተቱን ሲነግራችሁ ፊታችሁን ያነባል። አንዴ ከጮኻችሁበት ሁለተኛ አይነግራችሁም፤ ስህተቱ ይቀጥላል፣ የሚቀረው መንገሩ ነው። በወር አንድ ጊዜ በሌሊት ተረኞች ሰዓት ሂዱ፤ ሰው ለመያዝ ሳይሆን ለማየት። ቡና ይዛችሁ ሂዱ። ሽማግሌዎች፣ ይህ ለእኛ ለአገልጋዮችም ነው።

ምዕራፍ 5ን ተመልከቱ። ድሆቹ ጮኹ፤ እርሻቸውን አስይዘው፣ ልጆቻቸውን ለባርነት ሰጥተው ነበር። ነህምያ ሰምቶ ተቆጣ፤ ግን የተቆጣው በጮኹት ላይ አልነበረም። በልቡ አሰበበት፣ ከዚያ አበዳሪዎቹን ታላላቆች ፊት ለፊት ገሠጸ። መልስ አጡ። ቁጥር 14 ላይ 12 ዓመት ሙሉ ለገዥ የሚገባውን ምግብ እንዳልበላ ይናገራል። የቦይንግ አለቃ የነበረው ዴኒስ ሙለንበርግ ከሁለቱ አደጋዎች በኋላ ሲሰናበት ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት አክሲዮንና ጡረታ ይዞ ወጥቷል። ውሉ ነው፣ መብቱ ነው ትሉኛላችሁ። የገዥው ምግብም የነህምያ መብት ነበር፤ የተወበት ምክንያት ቁጥር 18 ላይ አለ፤ ሕዝቡ ከብዶበት ስለነበር ነው።

ለሚመጣው እሁድ ምዕራፍ 6ን አንብባችሁ ኑ። ሰንባላጥ አራት ጊዜ “ና እንገናኝ” ብሎ ልኮበት ነህምያ ሥራውን ትቶ እንዳልወረደ እናያለን፤ አምስተኛው ጊዜ የመጣው ክፍት ደብዳቤ ለምን ክፍት ሆኖ እንደተላከም በቤታችሁ ተወያዩበት። ጌታ ይባርካችሁ።