በመጀመሪያ እግሯን

ባለፈው ኅዳር ከስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ጀርባ የሚኖሩት ጎረቤቶቻችን ልጅ አንዲት ኤሊ በሳፋ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ አልበላ አለችኝ።» ሳፋው እስከ ግማሹ ውሃ ተሞልቷል፤ የራሰ እንጀራና የጎመን ቅጠል ይንሳፈፍበታል። መዳፍ የማትሞላው ኤሊ አንገቷን ሽቅብ ሰግጋ ጠርዙን ትቧጥጣለች። አውጥቼ ጨርቅ ላይ አስቀመጥኳትና እግሯን አየሁ። የኋላ እግሯ እንደ ዝሆን እግር ድቡልቡል ነው፤ በጣቶቿ መሃል ቆዳ የለም። የጀርባዋ ድንጋይ ወደ ላይ የጎበጠ፣ በቢጫው ላይ ጥቁር የተረጨበት። የየብስ ኤሊ ናት። አልበላም ያለችው ጠግባ አይደለም፤ እንዳትሰጥም እየታገለች ነበር።

ስለ ምግብ ከመጠየቅ በፊት እግር መታየት ያለበት ለዚህ ነው። የውሃ ኤሊ ጣቶቿ እንደ ዳክዬ በቆዳ የተያያዙ ናቸው፤ ድንጋይዋም ጠፍጠፍ ያለ ነው። በዓለም ዙሪያ በየቤቱ በብዛት የምትገኘው ከዓይኗ ኋላ ቀይ ሰንበር ያላት የአሜሪካዋ ኤሊ ናት። የእኛ አገር ኩሬዎች ኤሊ ግን ስትደነግጥ አንገቷን ወደ ውስጥ አትሰበስብም፤ ወደ ጎን አጥፋ ከድንጋይዋ ጠርዝ ሥር ትሸጉጠዋለች። ኩሬው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብራ ዝናብ ትጠብቃለች። ተመራማሪዎች በመላው አፍሪካ አንድ ዝርያ ሲሏት ኖረው፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ቢያንስ 10 ዝርያ ሆና ተገኘች።

«የውሃ ብትሆንስ ኖሮ?» አለኝ ልጁ።

ያኔ የምንጨነቀው ስለ ብርዱ ነበር። ኤሊ የራሷ ሙቀት የላትም፤ ከውሃውና ከፀሐይ ትበደራለች። ባለ ቀይ ሰንበሯ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ የሚሞቅ ውሃና ወጥታ የምትሞቅበት 30 ዲግሪ ያለፈ ደረቅ ድንጋይ ትፈልጋለች። ስድስት ኪሎ ግን የእንጦጦ ግርጌ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የበረዳት ኤሊ ብትበላም ምግቡ አይፈጭላትም። ስለዚህ ማሞቂያ ያስፈልጋታል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ደግሞ ገንዳውን በብርድ ልብስ መጠቅለል ነው።

ብርዱ ቢከፋም ፀሐያችን ትክሳለች። ውጭ አገር አምፖል የሚገዛለት ጨረር እዚህ በነፃ ይወርዳል፤ ያለ እሱ ካልሲየም አይዋሃዳትም፣ ድንጋይዋም ይለሰልሳል። ጨረሩ መስታወት አያልፍም፤ መስኮት ሥር ማስቀመጥ ከንቱ ነው። ጠዋት በሳፋ ወደ ግቢ ማውጣት፣ ግማሹን ጥላ ማድረግ፣ ጭላት እንዳይነጥቃትም አጠገቧ መቀመጥ። የመስታወት ገንዳ ፀሐይ ላይ ማዋል ግን ኤሊዋን መቀቀል ነው።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣልን ሰዎች በጀሪካን ማጠራቀም ለምደናል። ክፍት በሆነ ዕቃ ያደረ ውሃ ክሎሪኑ ስለሚቀንስ ለኤሊ የሚሻለው እሱ ነው። ማጣሪያ ከሌለ በየሁለት ቀኑ መቀየር አለበት፤ የምትበላውም የምትጸዳዳውም እዚያው ነውና። ምግቧን ድንጋይ ላይ ብታስቀምጡላት ዝም ብላ ታየዋለች፤ ውሃ ውስጥ ካልሆነ መዋጥ አይሆንላትም። ትንሿ ኤሊ የመሬት ትልና ትናንሽ ዓሣ ትወዳለች፤ ስታድግ ወደ ቅጠል ታደላለች። ሥጋ ብቻ የበላች ኤሊ ቫይታሚን ኤ ያንሳትና ዓይኗ አብጦ ይዘጋል። እንጀራ ለየትኛዋም አይሆንም።

ሳንቲም የምታህለው የባለ ቀይ ሰንበሯ ጫጩት 25 ሴንቲሜትርና ከዚያም በላይ ታድጋለች፤ ከ30 ዓመት በላይም ትኖራለች። ይህን ለልጁ ስነግረው ዕድሜውን በጣቱ ቆጠረ።

የእሱን የየብስ ኤሊ አጎቱ ከዝዋይ መንገድ ነው የገዛለት። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ እንደማይቻል አላወቁም፤ አጎትየው ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን እንዲያመለክት ተስማማን። እስከዚያው ሣር ላይ ለቀቅናት። ሩብ ሰዓት ያህል ሳትንቀሳቀስ ቆየችና አንድ የሣር ጫፍ ቀነጠበች። እናቱ ሳፋዋን ልትወስድ መጣች፤ ነገ አጠባ አለባት።

«በበረኪና ሳይታጠብ አይሆንም እታለም» አልኳት። ኤሊ ጤነኛ ሆና ሳልሞኔላ ትሸከማለች፤ አሜሪካኖች በ1975 እ.ኤ.አ. ከ10 ሴንቲሜትር በታች የሆኑት እንዳይሸጡ የከለከሉት ሕፃናት እየታመሙባቸው ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ እጁን ከአፉ አወጣ።