ከእኛ የባሰ ሲታይ ብቻ የሚመጣ ምስጋና

የታመመ ሰው ሊጠይቅ የሄደ ሁሉ ይህን ያውቃል። ብርቱካኑ ኮመዲኖው ላይ ይቀመጣል፣ "እግዚአብሔር ይማርህ" ይባላል፣ ጥቂት ዝምታ ይሆናል። ከዚያ ከጠያቂዎቹ አንዱ ወሬ ያነሣል። "የኛ ሰፈሩ ሰውዬ እኮ በዚሁ በስኳር እግሩን ተቆረጠ። አንተ ተመስገን በል!" በሽተኛውም ራሱን ነቅነቅ አድርጎ "ተመስገን፣ የባሰ አታምጣ" ይላል።

ማንም ክፉ አላሰበም። "የባሰ አለና አገርህን አትልቀቅ" እየተባልን ያደግን ሰዎች ማጽናናት ስንፈልግ አፋችን ላይ ቀድሞ የሚመጣልን ይኸው ነው። ግን እግሩን የተቆረጠው ሰውዬስ ማንን አይቶ ያመስግን? ሁለቱንም ያጣውን? ያኛውስ? እንዲህ እያልን ቁልቁል ብንወርድ መጨረሻ ላይ የሚያመሰግንበት ነገር የሌለው አንድ ሰው ጋ እንደርሳለን። በዚያ ሰው ፊት ቆመን የማያሳፍረንን ምስጋና ነው መፈለግ ያለብን።

ሌላም ጣጣ አለው። ቁልቁል አይቶ ማመስገን የለመደ ዓይን ሽቅብ ማየቱ አይቀርም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የኔ ቢጤውን አይተን "ተመስገን" እንላለን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የድሮ የክፍል ጓደኛችን አሜሪካ የገዛውን ቤት በስልካችን እናያለን፤ የጠዋቱ ምስጋና የት እንደገባ አይታወቅም። ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኑሯችን ላይ የጨመረም የጎደለም የለም። የተለወጠው ያየነው ሰው ነው።

ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ያለው ፈሪሳዊ ጸሎቱን በምስጋና እንደጀመረ ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። ቀማኛ አለመሆኑን፣ አመንዝራ አለመሆኑን፣ ይልቁንም ርቆ እንደቆመው ቀራጭ አለመሆኑን ጠቅሶ ነው እግዚአብሔርን ያመሰገነው። በሳምንት ሁለት ቀን ይጾማል፣ ከሚያገኘው ሁሉ አሥራት ያወጣል። (ረቡዕና ዓርብን የምንጾም ሰዎች እዚህ ላይ ረጋ ብለን ብናነብ አይከፋም።) ዋሸ አልተባለም። ዓይኑ ግን ቀራጩ ላይ ነው፤ ያ ሰው የዚያን ዕለት ወደ ቤተ መቅደስ ባይመጣ ኖሮ የጸሎቱ ግማሽ ይጎድልበት ነበር።

አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ብንመለስ አሥሩን ለምጻሞች እናገኛለን። ጌታ ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ ሰደዳቸው፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 እንደተጻፈው፣ ከለምጽ የነጻ ሰው በካህን ሳይታይ ወደ ሕዝቡ አይቀላቀልም ነበርና። ሲሄዱም ሁሉም ነጹ፤ ሊያመሰግን የተመለሰው ግን አንድ ሳምራዊ ብቻ ነው። እንግዲህ ያልተመለሱት ዘጠኙ በተላኩበት መንገድ ላይ ነበሩ። እነሱን ለመውቀስ እኔ አልቸኩልም። የሚገርመኝ የሳምራዊው አመላለስ ነው። መንጻቱን አየ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያመሰገነ ተመለሰ። አብረውት የሚሄዱትም ሁሉ ነጽተዋል፣ ስለዚህ የሚበልጠው ሰው አልነበረም። ከማንም ሳይበልጥ አመሰገነ።

የቤተ ክርስቲያን ምስጋናም እንዲህ ያለ ነው። ቅዳሴ ያስቀደሰ ሰው ጸሎተ አኮቴትን ያውቀዋል፤ እግዚአብሔር ስለ ጠበቀን፣ ስለ ረዳን፣ እስከዚያች ሰዓት ስላደረሰን የሚቀርብ ነው። ስለ ወደቀው ጎረቤት የሚያነሣው የለም። መዝሙር 135ም (በሌላው አቆጣጠር 136 ነው) በ26 ቁጥሮቹ ከሰማይና ከምድር መፈጠር ተነሥቶ፣ የኤርትራን ባሕር አሻግሮ፣ ወደ መጨረሻው ለሥጋ ለባሽ ሁሉ ምግብን ስለመስጠቱ ያመሰግናል። ባሕር ስለ መክፈሉም እንጀራ ስለ መስጠቱም በአንድ መዝሙር፣ በአንድ ዜማ ይመሰገናል። የምሳችን ነገር ከዚያ ሁሉ ተአምር በኋላ መነሣቱ ደስ ይለኛል።

ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማኩሎ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ የሚነካ ነገር አለ። ከሙከራዎቻቸው በአንዱ ተማሪዎችን በሦስት ከፍለው በየቀኑ እንዲጽፉ አደረጉ፦ አንዱ ቡድን የሚያመሰግንበትን፣ ሁለተኛው ያስመረረውን፣ ሦስተኛው ከሌሎች ሰዎች የሚሻልበትን። የሚያመሰግኑበትን የጻፉት ከሁለቱም ቡድኖች ይልቅ ችግር የገጠመውን ሰው መርዳታቸውን ወይም ማጽናናታቸውን ተናገሩ። የሌላውን ችግር የደስታው መነሻ ያደረገ ሰው ያንን ችግር ለማቃለል እጁ ቢዘገይ ምን ይገርማል?

ወደ በሽተኛው እንመለስ። ሲያመው "አመመኝ" ይበል። ኢዮብም ዳዊትም ብለዋል፤ እግዚአብሔር አልተቀየማቸውም። እኛ የሌላ ሰው እግር ታሪክ ይዘን ከምንሄድ ሾርባ ይዘን ብንሄድ፣ ከቻልን ደግሞ አስታማሚዋ ቤቷ ደርሳ ልብሷን ለውጣ እስክትመጣ ብንተካት ይሻላል። ምስጋናው ከራሱ ከወጣ ይውጣ፤ በጠያቂ ግፊት የተባለ "ተመስገን" ጠያቂውን ከማሳረፍ አያልፍም።

ለራሳችሁ ደግሞ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት በዕለቱ የተደረገላችሁን አንድ ነገር ጻፉ። "ጤና ሰጠኸኝ" ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ እናንተ ግን ዝርዝሩን ጻፉት፤ የትኛው ጤና፣ በማን እጅ፣ በስንት ሰዓት። የታክሲው ረዳት የረሳችሁትን ቦርሳ ይዞ ሮጦ ደርሶባችሁ ከሆነ እሱን ጻፉ፤ ነገ ካገኛችሁትም ንገሩት። የጻፋችሁት ውስጥ "ከእገሌ ይሻላል" የሚል ካለ ሰርዙትና እገሌን አውጥታችሁ እንደገና ጻፉት። "ልጄ እንደ ጎረቤት ልጅ ባለጌ አልሆነም" ያላችሁት "ልጄ ዛሬ ማንም ሳያዘው ሰሃን አጠበ" ይሆናል። አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ግን እገሌ ሲወጣለት ምንም አይቀረውም። እሱን ተዉትና ሌላ ፈልጉ።