የጨዋታ ማሽን ንግድ፦ ትርፉ ከማሽኑ ነው ወይስ ከጨዋታው?

እንደሚታወቀው ማንኛውም ነጋዴ ዕቃውን ከገዛበት በላይ ሊሸጥ ይመኛል። የቪዲዮ ጌም ማሽን አምራቾች ግን እያወቁ በኪሣራ የሚሸጡበት ጊዜ አለ። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2006 ፕሌይስቴሽን 3ን በ499 እና በ599 ዶላር ለገበያ ሲያቀርብ የማምረቻ ወጪው ከዚያ ይበልጥ ነበር። ትርፉ የሚለቀመው በኋላ ነው። ይኸውም ጨዋታ በተሸጠ ቁጥር አዘጋጁ ድርጅት ለማሽኑ አምራች ድርሻ ይከፍላል። ማሽኑ ብዙ ቤት ካልገባ ግን ስሌቱ ይፈርሳል። የጃፓኑ ሴጋ እ.ኤ.አ. በ2001 ማሽን መሥራቱን ትቶ ወደ ጨዋታ አዘጋጅነት የዞረው ይኸው ደርሶበት ነው።

በኢትዮጵያ ከተሞች ስሌቱ ሌላ ነው። ማሽኑን በብዛት የሚገዛው የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት ሲሆን፣ ወጣቱ የሚከፍለው ለአንድ ግጥሚያ ብቻ ነው። ከከረምቡላና ከጆተኒ ንግድ እምብዛም አይለይም።

በላስታዋ ብልባላ አንድ ነጋዴ ይህን ሥራ ሊጀምር አሰበ እንበል፤ ቁጥሮቹ ለማስያ ብቻ የቀረቡ ናቸው። ማሽን፣ ቴሌቪዥንና ጆይስቲክ 60,000 ብር ቢፈጁና በቀን 40 ግጥሚያ በ10 ብር ቢያጫውት፣ የቀን ገቢው 400 ብር ነው። ለኪራይ፣ ለሠራተኛና ለሚሰበር ጆይስቲክ መተኪያ በቀን 200 ብር ቢይዝ በወር 6,000 ብር ተርፎት ገንዘቡን በ10 ወር ይመልሳል። አሁን በወር 10 ቀን መብራት ይጥፋ። ገቢው ወደ 8,000 ብር ሲወርድ ወጪው 6,000 ብር እንዳለ ነው፤ ኪራይ ጨለማ አያውቅም። የሚተርፈው 2,000 ብር ብቻ ስለሚሆን ገንዘቡ የሚመለሰው በ30 ወር ነው። የሥራው ቀን በሲሶ ሲጎድል ትርፉ በሁለት ሲሶ ጎደለ ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሳቢያ ላሊበላና አካባቢው ለወራት መብራት አጥተው እንደነበር ለሚያስታውስ ባለገንዘብ ይህ የወረቀት ሥጋት አይደለም።

የወደፊቱ ዕድገት ደግሞ በዲስክ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዲስክ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ይዋሳል። አምራቾቹ ግን ወደ ኢንተርኔት ሽያጭና ወደ ወርኃዊ ክፍያ እየዞሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ፕሌይስቴሽን 5 አንደኛው ዓይነት የዲስክ ማስገቢያ የለውም፤ በ2024 የወጣው ፕሮም ማስገቢያው ለብቻው የሚገዛ ነው። ጨዋታ ለማውረድ ጠንካራ ኢንተርኔትና በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያሻል። ምንዛሪው ራሱ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር በላይ ወጥቷል።

ስለሆነም ለብልባላ ዓይነት ከተማ የሚያዋጣው ዲስክ የሚቀበል ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ነው። ሲገዛም ማስገቢያው ዲስክ ማንበቡን እዚያው ሱቅ ውስጥ አጫውቶ ማየት ይገባል።