ማዘርቦርድ ወደ ሌላ ኬዝ ሲዛወር የፊት ገመዶች አቀጣጠል

የአንድ ኮምፒዩተር ኬዝ ቢሰበር ወይም ማስነሻው ቢበላሽ፣ ውስጡ ያለው ማዘርቦርድ ደህና ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ቦርዱን አውጥቶ ወደ ሌላ ኬዝ ማዛወር ይቻላል። ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ጠጋኝ በቅርብ ላይገኝ ስለሚችል፣ ይህን ሥራ ማወቁ ለእኛ ለሠልጣኞች ይጠቅማል። ቦርዱን በብሎን ማሰር ብዙም አያስቸግር። ሰው የሚሳሳተው ከኬዙ ፊት የሚመጡትን ቀጫጭን ገመዶች ሲቀጥል ነው። እኔም ተሳስቼ ስለነበር ሌላው እንዳይደግመው ይህን ጻፍኩ።

ሀ/ ከመንቀል በፊት

ኮምፒዩተሩ ይጠፋል፤ የኤሌክትሪክ ገመዱም ከግድግዳው ይነቀላል። ቀጥሎ ማስነሻውን ለጥቂት ሴኮንድ ተጭኖ በውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ ማስወጣት ያስፈልጋል። ከዚያም እያንዳንዱ ገመድ የት እንደተሰካ በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ስልክ ከሌለም በወረቀት መሣል ይገባል። «አስታውሰዋለሁ» ማለት አያዋጣም።

ለ/ የማስነሻና የመብራት ገመዶች

እነዚህ በብዙ ቦርዶች ላይ በአንድ ጥግ፣ በሁለት ረድፍ በቆሙ 9 ፒኖች ላይ ይሰካሉ። የአሥረኛው ፒን ቦታ ባዶ ነው። ቆጠራው ከባዶው ቦታ በተቃራኒ ካለው ጫፍ ይጀምራል። ባዶ ቦታ ባለበት ረድፍ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፒኖች የማብሪያው መብራት፣ ቀጣዮቹ ሁለት የማስነሻው ናቸው። በሌላው ረድፍ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የዲስኩ መብራት፣ ቀጣዮቹ ሁለት የሪሴት ናቸው፤ አምስተኛው ባዶውን ይቀራል። ማስነሻና ሪሴት ተገልብጠው ቢሰኩ ምንም አይሉም። መብራቶቹ ግን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ስላላቸው ከተገለበጡ አይበሩም። የአንዳንድ ፋብሪካዎች ቦርዶች ከዚህ ይለያሉና በቦርዱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ግዴታ ነው።

ሐ/ የዩኤስቢ ገመዶች

ዋናው ጥንቃቄ እዚህ ላይ ነው። የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያም 9 ፒኖች አሉት፤ አንዱ ጥግ ባዶ ነው። እያንዳንዱ ረድፍ ለአንድ ፖርት ሲሆን፣ ከባዶው ጥግ በተቃራኒ ካለው ጫፍ ተነስተን ስንቆጥር 5 ቮልት፣ ሁለት የመረጃ ሽቦዎች፣ በመጨረሻም ግራውንድ እናገኛለን። በአሮጌ ኬዞች አራቱ ሽቦዎች ለየብቻቸው ስለሚመጡ አንድ በአንድ መሰካት አለባቸው።

እኔ ቦርድ ሳዛውር ከየትኛው ጫፍ እንደሚጀመር ሳላይ፣ ምን አለበት ብዬ ከባዶው ጥግ በኩል ጀመርኩ። 5 ቮልቱና ግራውንዱ ተለዋወጡ። ኮምፒዩተሩ ደህና ተነሳ፤ መብራቱም በራ፤ ደስ አለኝ። አንድ ጓደኛዬ የማስተማር ልምምድ ሪፖርቱን የያዘ ፍላሹን ከፊት ሰካ። ፍላሹ ጋለ፣ ከዚያም ሞተ። ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ሪፖርቱን ሁለት ሌሊት ተቀምጦ እንደገና ጻፈው፤ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ እሱ ነው የበለጠ ያሳፈረኝ።

በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ 19 ፒን ያለው ትልቅ መሰኪያ ነው። በግድ ከተገፋ ፒኖቹ ይጣመማሉ፤ ስለዚህ ቀጥ አድርጎ በዝግታ መጫን ነው።

መ/ የድምፅ ገመድ

ይህም 9 ፒን ስላለው ከዩኤስቢ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ ባዶው ቦታ ጥግ ላይ ሳይሆን ከጥጉ ቀጥሎ መሆኑ ነው።

ሠ/ መጨረሻ ላይ

ኮምፒዩተሩ ስለተነሳ ብቻ ሥራው አልቋል አይባልም። የፊት ፖርቶቹን በመጀመሪያ የምንሞክረው ቢበላሽ በማይቆጨን አሮጌ ማውስ ይሁን። የሰው ፍላሽ የሚሰካው ከዚያ በኋላ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን ግን የለቀመው ጓደኛዬ ነው።