ግንብ ብቻውን ቤተ መዘክር አይሆንም

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ ወረታ ይደርሳል። ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው ከዚያ ወደ ምሥራቅ ይገነጠላል፤ ወደ ጎንደር የሚሄደው ግን የርብን ወንዝ አልፎ፣ አዲስ ዘመንን አቋርጦ፣ እንፍራንዝ አጠገብ ሲደርስ ከኮረብታ ላይ የቆመ አንድ የድንጋይ ግንብ ያያል። ይህ የጉዛራ ግንብ ነው። ብዙው ሰው ከመኪናው መስኮት በጣቱ እያመለከተ «ያ የማን ግንብ ነው?» ይልና መልሱን ሳያገኝ ያልፋል።

ከእኛ ከተማሪዎች መካከልም ለዕረፍት ወደ አገሩ በተመለሰ ቁጥር ይህን ግንብ አይቶ ያለፈ ብዙ ነው። «ይህ ግንብ ቤተ መዘክር ቢሆን ምን ነበረበት?» የሚል ምኞትም በየጨዋታው ይሰማል። ምኞቱ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል፤ ይኸውም ግንቡ ቤተ መዘክር ሲሆን ከውስጡ ምን ይገባበታል? የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ መመርመር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

፩. ስለ ግንቡ

ጉዛራን ያሠሩት ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል ናቸው። ግንቡ አራት ማዕዘን፣ ባለ ፎቅ ሲሆን በማዕዘኖቹ ላይ ክብ ማማዎች አሉት። ከኮረብታው ላይ ሆኖ ቍልቍል ለሚመለከት ሰው ጣና ሐይቅ ይታየዋል። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 ስለ ሆነ፣ ጉዛራ ከጎንደር ግንቦች በግማሽ መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል።

ይህ የዘመን ልዩነት ለአንድ የቆየ ክርክር ይጠቅማል። «የጎንደርን ግንብ የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ከኢየሱሳውያን ካህናት መካከል በግንብ ሥራ ስሙ የሚነሣው ፔድሮ ፓኤዝ ኢትዮጵያ የገባው በ1603 ነው፤ ዐፄ ሠርፀ ድንግል ግን ከዚያ 6 ዓመት ቀድመው ሞተዋል። ፋሲልም ቢሆኑ በ1632 እንደ ነገሡ ኢየሱሳውያንን ያስወጡ ንጉሥ ናቸው። ከ1541 ጀምሮ የመጡት የፖርቱጋል ወታደሮችና ልጆቻቸው በአገሩ ይኖሩ ስለ ነበር የውጭ ሰው እጅ ጨርሶ አልነካውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን የጎንደር ግንብ ከባዶ ሜዳ ላይ በአንድ ቀን የበቀለ አይደለም፤ ከፊቱ ጉዛራ ነበረ። ስለዚህ ጉዛራ ዕቃ ባይኖርበት እንኳ በራሱ የሚነበብ መጽሐፍ ነው።

፪. ዕቃው ወዴት ሄደ?

የነገሥታቱ ግንብ ቀርቶ የነገሥታቱ ዕቃ የጠፋበት ምክንያት ምንድን ነው? የጎንደርን ታሪክ ብንመለከት መልሱ ከሦስት ወገን ይመጣል፤ ከራሳችን፣ ከጠላትና «ወዳጅ ነኝ» ከሚል እንግዳ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት አስወስደው ኋላ ወደ መቅደላ አጋዙት። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ያ ሁሉ ተዘረፈ። ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈልገው ነበር ይባላል፤ በደላንታ ሜዳም ለ2 ቀን ሐራጅ ተሸጠ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ከሐራጁ ብዙውን ገዛ፤ ከመቅደላ የሄዱ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት እስከ ዛሬ በለንደን ይገኛሉ። በ1888 ደግሞ ደርቡሾች ጎንደርን ወርረው አቃጠሉ።

ሦስተኛው ታሪክ ብዙ ጊዜ አይነሣም። በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ የጥናት ጓድ ጎንደር ሰነበተ። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሠራው የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከግድግዳው ተነሥቶ በምትኩ ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለ ሠዓሊ የሣለው ቅጂ ተለጠፈ። ዋነኛው ሥዕል ዛሬ በፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገራችን ሰው።

ሆኖም ከዚሁ ጓድ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ጓዱ ከመነሣቱ በፊት በ1931 ለዕቃ ሰብሳቢዎች አንድ ትንሽ መመሪያ በፓሪስ ታትሞ ነበር። የመመሪያው ፍሬ ነገር፣ ስለ አንድ ሕዝብ አኗኗር ከከበረ ጌጥ ይልቅ ተራው የዕለት ዕቃ ይበልጥ ይናገራል፤ እያንዳንዱም ዕቃ የራሱ የጽሑፍ ካርድ ሊኖረው ይገባል የሚል ነው። የወሰዱብን ሰዎች ያወቁትን ነገር እኛ ያለን ሰዎች ሳናውቀው መቅረታችን ያሳዝናል። እኛ ቅርስ ሲባል ዘውድና የብራና መጽሐፍ ብቻ ይመስለናል። እናቶቻችን የናጡበትን ቅል ቅርስ ነው ብሎ የሚያስብ ከመካከላችን ስንት ነው?

፫. ቤተ መንግሥት ቤተ መዘክር ሲሆን

የነገሥታት ቤት ለሕዝብ ቤተ መዘክር የሆነበት ምሳሌ በዓለም ብዙ ነው። የፓሪሱ ሉቭር የፈረንሳይ ነገሥታት ቤት ነበር፤ አብዮቱ ከተነሣ በኋላ በ1793 ለሕዝብ ተከፈተ። በአገራችንም የዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ የመቀሌ ቤተ መንግሥት በዚሁ መንገድ ቤተ መዘክር ሆኖ አገልግሏል። ለተማሪ ግን ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ስድስት ኪሎ ያለው ገነተ ልዑል ነው።

ይህ ቤት ያየው ብዙ ነው። በ1937 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለውና የካቲት 12 የምናስበው እልቂት የተጀመረው በዚሁ ግቢ ነው። ፋሺስቶች ለአገዛዛቸው ዓመታት በየዓመቱ አንድ ደረጃ እየቆጠሩ ያቆሙት የሲሚንቶ መሰላል እስከ ዛሬ ከበሩ ፊት አለ፤ ከጫፉ ላይ ግን የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። በ1960 በታኅሣሡ ግርግር መሳፍንትና መኳንንት የተገደሉትም በዚሁ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ በ1961 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ፤ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ፤ ቤተ መዘክሩም ከዚህ ተቋም ጋር በዚያው ቤት ተደራጀ።

በዚህ ቤተ መዘክር የባህል ዕቃዎች የተደረደሩት በሰው ልጅ ዕድሜ ተራ ነው፤ መጀመሪያ ልደትና ልጅነት፣ ቀጥሎ ጕልምስናና ሥራ፣ በመጨረሻ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው እምነት። ስለዚህ ጎብኚው «ይህ የእነ እገሌ ነው» እያለ ከማለፍ ይልቅ፣ «ሰው በዚህ አገር እንዴት ይወለዳል? እንዴት ይሠራል? እንዴት ይቀበራል?» እያለ ይሄዳል። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትም እንዳለ ተጠብቋል። የንጉሥ አልጋና የባላገር ዕቃ በአንድ ጣራ ሥር መታየታቸው ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ነው።

ከዚያም የሚበልጥ አለ። የዚህ ስብስብ መነሻ የቤተ መንግሥት ግምጃ ቤት አልነበረም። በ1950ዎቹ ዓመታት በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የባህል ጥናት ማኅበር ነበረ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ስብስቡን ሲያቋቁሙ የማኅበሩ ተማሪዎች ስለየአገራቸው ልማድ እየጻፉ በማኅበሩ መጽሔት ያሳትሙ ነበር። እንግዲህ ዕቃውና ጽሑፉ ቀደመ፤ ቤተ መንግሥቱ ኋላ መጣ። እኛ ግን ዛሬ ግንቡ እስኪታደስ እየጠበቅን ዕቃው እያለቀ ነው።

፬. ከፎገራ ምን ይገባል?

አሁን ወደ ሜዳችን እንመለስ። ከፎገራ ሕይወት ውስጥ ለቤተ መዘክር የሚገባው ምንድን ነው? ሦስት ምሳሌ ብቻ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ታንኳ ነው። በጣና ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦ ከደንገል እየጠፈሩ የሚሠሩት ታንኳ ዓሣ ይጠመድበታል፤ እንጨትም ይጫንበታል። ነገር ግን ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድና ስለሚበሰብስ ዕድሜው አጭር ነው። አንድ ታንኳ አምጥተን ከግንቡ ውስጥ ብናስቀምጥ ያስቀመጥነው ዕቃውን እንጂ ሙያውን አይደለም። ደንገሉ በምን ወራት እንደሚታጨድ፣ እስከ ምን ድረስ እንደሚደርቅ፣ እንዴት እንደሚታሰር የሚያውቀው ሰው ካለፈ፣ የቀረው ታንኳ ደረቅ ሣር ነው።

ሁለተኛው የፎገራ ከብት ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት፣ ውሃው ሲሸሽ የሚቀረው ለምለም ሣር ይህን በወተቱ የታወቀ ዝርያ አኑሮታል። ዛሬ ግጦሹ እየታረሰ ስለ ሄደና ከሌላ ዝርያ ጋር ስለ ተዳቀለ ንጹሑ የፎገራ ከብት ተመናምኗል። ከብቱን ለማዳን የዝርያ ጥናት የሚያካሂዱ ባለሙያዎች አሉ። እረኛው ላሚቱን በመልኳ የሚጠራበትን ስም፣ ውሃ ሲሞላ ከብቱን የሚያሸሽበትን መንገድ፣ የወተቱን ዕቃ የማጠን ሙያ የሚመዘግበው ግን ማን ነው?

ሦስተኛው ሩዝ ነው። «ሩዝ ደግሞ ምን ቅርስ ነው? ትናንት የመጣ አይደለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ሩዝ በፎገራ መዘራት የጀመረው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ነው፤ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎችም በሥራው ነበሩበት። ዛሬ ግን ወረታ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት፤ ባላገሩም ሩዙን ከጤፍ እየደባለቀ እንጀራ ይጋግረዋል። ውሃ የሚተኛበት መሬት በአንድ ትውልድ ጊዜ እንዴት እህል እንዳበቀለ የሚናገሩ ሰዎች ዛሬ በሕይወት አሉ። ታሪክን ከባለቤቱ አፍ ለመስማት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ነገ ልጆቻቸውን ብንጠይቅ «ሩዝ ከጥንትም ነበረ» ይሉናል።

፭. አመዘጋገቡ

አንድ ምሳሌ ላሳይ። በአንድ ቤተ መዘክር ካርድ ላይ «ዋንጫ፤ ከቀንድ የተሠራ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ጎብኚው በዓይኑ ካየው በቀር ምንም አልጨመርንለትም። ቀንዱ የምን ከብት እንደ ሆነ፣ እንዴት ተቀቅሎ እንደ ተቃና፣ በሠርግ ጊዜ ለማን ቀድሞ እንደሚቀዳበት ቢጻፍ ግን ዋንጫው ይናገራል። ስለዚህ ስለ እያንዳንዱ ዕቃ የሚከተሉትን መጠየቅ ያስፈልጋል።

1ኛ/ በአካባቢው አጠራር ስሙ ማን ነው? የክፍሎቹስ ስም?
2ኛ/ ከምን ተሠራ? ጥሬ ዕቃው ከየት ይመጣል?
3ኛ/ ማን ይሠራዋል? ከማንስ ተማረው?
4ኛ/ በምን ወራት፣ ለምን ሥራ ያገለግላል?
5ኛ/ የሚጠቀምበት ማን ነው? እንዳይነካው የሚከለከልስ አለ?
6ኛ/ ሲሰበር እንዴት ይጠገናል? ሲያረጅ ወዴት ይጣላል?
7ኛ/ ዛሬ በምን ተተካ?

ከዚህም ጋር የዕቃው ልክ፣ ሥዕሉ ወይም ፎቶግራፉ፣ የተጠየቀበት ቀንና ቦታ፣ ተናጋሪው ከፈቀደም ስሙ ይጻፋል። ዕቃውን ግን ከባለቤቱ አንውሰድ። በተለይ የቤተ ክርስቲያንን ንብረት መዝግቦ ባለበት መተው እንጂ ማንሣት አይገባም። በ2000 የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ ለእኛ ግን ከሕጉ በፊት የአባ እንጦንስ ግድግዳ ይበቃናል።

ስለ ግንቡም አንድ ቃል ልጨምር። አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ እርጥበት ይይዛል። እርጥበት ብራናን ያሻግታል፤ ብርሃን ቀለምን ያጠፋል፤ ነቀዝና ምስጥ እንጨትንና ቆዳን ይበላሉ። ስለዚህ ሁሉ ዕቃ ግንብ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ለዕቃው ምቾት ተብሎም ግንቡ ያለ ልክ መቦርቦር የለበትም።

«ሕዝቡ ክሊኒክና ንጹሕ ውሃ ሳያገኝ ስለ ቅልና ስለ ዋንጫ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ጓደኛ እንደሚኖር አውቃለሁ። ክሊኒኩ ይቅደም ቢባል አልከራከርም። ነገር ግን እኔ የምጠይቀው ገንዘብ የሚፈጅ ነገር አይደለም፤ አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና ጥቂት ትዕግሥት ነው። ክሊኒክ ዘግይቶም ይሠራል፤ ያለፈ ሽማግሌ ግን ተመልሶ አይጠየቅም።

ስለዚህ በሚመጣው ዕረፍት ወደ አገራችን ስንመለስ፣ እያንዳንዳችን አንድ ዕቃ መርጠን፣ አንድ አዛውንት ወይም አንዲት ባልቴት ጠይቀን፣ ሰባቱን ጥያቄዎች ሞልተን እንመለስ። ጉዛራ አራት መቶ ዓመት ቆሟል፤ ደግሞም ይጠብቀን ይሆናል። የታንኳው ባለሙያ ግን አይጠብቀንም።