ሰገራ ላይ ደም ሲታይ፦ መገመት ወይስ ማየት?

የዛሬው ትምህርታችን ሰው ፊት ለማውራት የሚያሳፍር ነው። ግን ብዙዎቻችን የምንጎዳው በዚሁ እፍረት ስለሆነ ሳንደባብቅ እንነጋገር።

ሰገራ ላይ ደም ስናይ አብዛኛውን ጊዜ መልሳችን አንድ ነው፤ "ኪንታሮት ነው፣ ይለቀኛል።" አንዲት እህታችን ሰባት ወር ሙሉ እንዲህ እያለች ከፋርማሲ ቅባት ስትገዛ ቆየች። ማዳሟ "ታማለች" ብላ እንዳትመልሳት ፈርታ ነው። ደረጃ ስትወጣ ልቧ እየመታ፣ ፊቷም እየገረጣ ሲሄድ ግን መደበቅ አቃታትና ላስተረጉምላት አብሬያት ሆስፒታል ሄድኩ።

እውነቱን ለመናገር ግምቷ መጥፎ አልነበረም። ኪንታሮትና በድርቀት የሚመጣ የፊንጢጣ መሰንጠቅ በጣም የተለመዱ ናቸው። ችግሩ ደሙን በማየት ብቻ መለየት አይቻልም። ያው ቀይ ደም ከአንጀት ቁስለት፣ ከአሜባ፣ ከተበላሹ ጥቃቅን የደም ስሮች፣ በዕድሜ በገፉት ላይ ደግሞ አንጀት ግድግዳ ላይ ከሚፈጠሩ ትናንሽ ከረጢቶች፣ ፖሊፕ ከሚባል እባጭ፣ ከካንሰርም ሊመጣ ይችላል። ኪንታሮት ያለበት ሰው ሌላም አብሮት ሊኖር ይችላል። አገር ቤት ወንዝና ሐይቅ ውስጥ እየዋኘን ላደግን ቢልሃርዝያም አለ፤ የዚህ አገር ሐኪም ላያስበው ስለሚችል እናንተው ንገሩት።

ደሙ ብዙ ከሆነ፣ ራስ ካዞረ ወይም ሰው ከወደቀ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራም ብዙውን ጊዜ ከጨጓራ በኩል የሚፈስ ደም ነውና ዝም አይባልም። የአይረን ክኒንም ሰገራ ያጠቁራል፣ ስለዚህ የምትወስዱ ከሆነ ተናገሩ።

ሐኪሙ ከጠየቀና በጓንት ከመረመረ በኋላ የሚያዝዘው ኮሎኖስኮፒ ይባላል። አረቦቹ "ሚንዛር" ይሉታል፤ ሊባኖስ ያላችሁ "ናዱር" ሲባል ሰምታችኋል። የጣት ውፍረት ያለው ተጣጣፊ ቱቦ ሲሆን ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ አለው። በፊንጢጣ ገብቶ አንድ ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝመውን ትልቁን አንጀት ያሳያል። ማሳየት ብቻም አይደለም፤ በዚያው ቱቦ ናሙና ይወሰዳል፣ የሚደማው ቦታ ይተኮሳል ወይም በትንሽ ክሊፕ ይያዛል፣ ፖሊፕም በሽቦ ቀለበት ይቆረጣል። ይህን የሽቦ ዘዴ በ1969 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ የጀመረው ዶክተር ሂሮሚ ሺንያ ነው። ከዚያ በፊት ከፍ ብሎ ያለ ፖሊፕ ለማውጣት ሆድ መከፈት ነበረበት።

የእህታችን ፖሊፕ ነበር። ያኔውኑ ተቆርጦ ላብራቶሪ ተላከ፤ ካንሰር አልነበረም። አንዳንዱ ፖሊፕ በብዙ ዓመታት ውስጥ ወደ ካንሰር ይለወጣል፤ የእሷ ሳይደርስ ወጣ።

ከምርመራው ይልቅ የሚከብደው ዝግጅቱ ነው። ከአንድ ቀን በፊት ምግብ ይቆምና ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ይወሰዳል፦ ውሃ፣ ወተት የሌለው ሻይ፣ የተጣራ የአፕል ጁስ። ቀይ ጁስ አይሆንም፣ ደም ይመስላላ! ከዚያ የሚያስቀምጠው መድኃኒት በብዙ ውሃ ይጠጣል፤ ሰገራው ጥርት ያለ ቢጫ ውሃ እስኪሆን ድረስ ከሽንት ቤት መራቅ የለም። አንጀት ካልጸዳ ካሜራው አያይም፣ ምርመራውም ይደገማል። ስለዚህ ቤት ውስጥ እንግዳ በሚጋበዝበት ሰሞን ቀጠሮ አትያዙ። የደም ማቅጠኛ ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡርም የሆናችሁ አስቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

አንዳንዶች የእርግዝና ወይም የድንግልና ምርመራ ይመስላቸዋል። አይደለም፤ በዚያ በኩል ምንም አይነካም። ሴት ሐኪም ከፈለጋችሁ "ዶክቶራ" ብላችሁ ጠይቁ። የሚያስተኛ መርፌ ይሰጣል፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። አየር ስለሚነፋ ሆድ ይነፋል፣ በኋላ ይወጣል፤ እዚያ ነውር የለም። አንጀት መበሳት የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው። ቢሆንም ቤት ከገባችሁ በኋላ ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም ብዙ ደም ካለ ቶሎ ተመለሱ።

የመርፌው ድካም እስከ ማግስቱ ሊቆይ ስለሚችል የሚያደርሳችሁ ሰው ይኑር። በዚያ ቀን ካውያ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ከሁሉም በላይ ፎቅ ላይ ወጥቶ መስኮት መወልወል ክልክል ነው። እኛ ሐኪሙን ይህንኑ በአረብኛ ጻፍልን አልነው፤ ጽፎ ማኅተም አደረገበት፣ ማዳምም አንብባ እስከ ማግስቱ አስተኛቻት።